የመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ጊታርህን ከአሮጌ ዋንዛ መሥራት፦ ከካርቶን እስከ ቅኝት

«ጊታሩን ራስህ ነህ የሠራኸው? እንዴት?» ባሕር ዳር ላይ ጊታሬን አንግቼ በወጣሁ ቁጥር የምሰማው ይህንኑ ነው። ከደብረ ማርቆስ ይደወልልኛል፣ ከዳንግላ ይጻፍልኛል። በቀደም ደግሞ ከፍኖተ ሰላም አንድ ልጅ የተነቀለ የበር ሳንቃ ፎቶ አንስቶ «ይሄ ይሆናል?» ብሎ ላከልኝ። ይሆናል። ግን በስልክ ማስረዳት ሰለቸኝ፤ አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ እልካለሁ። እታለም፣ «አንተ» እያልኩ ብጽፍም ላንቺም ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንስማማ። በመጀመሪያው ጊታርህ ላይ አንገቱን አትሠራም። ቅር እንደሚል አውቃለሁ። ነገር ግን አንገት ማለት ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ስስ ብረቶች) ነው፣ ፍሬት ደግሞ ሒሳብ ነው። የክሩ ርዝመት 648 ሚ.ሜ. ከሆነ ለ17.817 ታካፍለዋለህ፤ 36.37 ይመጣል፤ የመጀመሪያው ፍሬት እዚያ ላይ ይቀመጣል። የቀረውን 611.63 እንደገና ለ17.817 ስታካፍል ሁለተኛው ፍሬት ከመጀመሪያው 34.33 ሚ.ሜ. ይርቃል። እንዲህ እያልክ እስከ 22ኛው ትወርዳለህ። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። በእጅ መጋዝ ግን ከላይኞቹ ፍሬቶች አንዱን 1 ሚ.ሜ. ብትስት ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። አንገቱ ውስጥ የሚቀበረው የብረት ዘንግ፣ ትረስ ሮድ የሚሉት፣ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስለዚህ አንገቱን ከተሰበረ ጊታር እንወስዳለን። ገላውን፣ ኤሌክትሪኩንና ማስተካከሉን አንተ ትሠራለህ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም በቂ ያንገላታል።

የሚያስፈልጉህ

- አንድ የተሰበረ ወይም የተጣለ ኤሌክትሪክ ጊታር። ገላው ቢሰነጠቅ፣ ቢሰበር ግድ የለም። አንገቱ ከኋላ በ4 ቪቴ የታሰረ መሆን አለበት፤ በኮላ የተጣበቀ አይሆንህም። አንገቱን፣ መቃኛዎቹን፣ ብሪጁን (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበትን ብረት)፣ የክር መያዣዎቹን፣ ሲሠራ ከሆነ ፒክአፑንም (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን) ከዚሁ ታወጣለህ። የባንድ ልጆችን ጠይቅ፤ የአንዱ ቤት ጥግ ላይ አይጠፋም።
- የደረቀ ዋንዛ፣ ሁለት ሳንቃ፣ እያንዳንዱ 50 በ35 ሳ.ሜ. የሚሆን። አንዱ ተልጎ 16 ሚ.ሜ.፣ ሌላው 28 ሚ.ሜ. ውፍረት ይኖረዋል። ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ታየዋለህ።
- ነጭ የእንጨት ኮላ።
- ፒክአፕ። ሁለት ጥቅል ያለው (ሀምባከር) ከሆነ 500 ኪሎ ኦም ፖት (ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው)፣ ባለ አንድ ጥቅል ከሆነ 250 ኪሎ ኦም ፖት።
- የጊታር ጃክ (ገመዱ የሚሰካበት፣ 6.35 ሚ.ሜ.)፣ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ሊድ፣ ከ30 እስከ 40 ዋት የሆነ ሶልደሪንግ አይረን፣ ቴስተር።
- 3 ሚ.ሜ. የሚሆን ፕላስቲክ ወይም ስስ ኮምፐርሳቶ፤ ለፊት መሸፈኛ።
- መሣሪያ፦ የብረት ማስመሪያ፣ ስኩዋድራ፣ ትራፓኖ ከነፑንታዎቹ፣ መሮ፣ ሞረድ፣ ካቻቪቴ፣ የኤሌክትሪክ ቀጭን መጋዝ (ከሌለህ አናጺ ቤት ታስቆርጣለህ)፣ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ 120፣ 180 እና 240።
- የአፍና የዓይን መከላከያ። ይህን ከዝርዝሩ አትሰርዝ።
- አዲስ ክር፤ 10–46 የሚባለው መካከለኛው ይሻላል።

ራውተር የሚባለውን መቦርቦሪያ ማሽን አልጻፍኩም። የለኝም፣ አብዛኞቻችሁም የላችሁም። ያለ እሱ የሚሠራበትን መንገድ ነው የምጽፈው።

1. አንገቱን አንብበው

አንገቱን ወደ ዓይንህ አስጠግተህ እንደ ጠመንጃ አነጣጥር። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከተጠማዘዘ ተወው፣ ሌላ ፈልግ። ወደፊት ትንሽ የጎበጠ ከሆነ ግን በትረስ ሮዱ ይስተካከላል።

ከዚያ ለካ። ከነቱ (ክሩ ጭንቅላቱ ጋ ከሚያርፍበት ነጭ ዘንግ) ተነስተህ እስከ 12ኛው ፍሬት ነው። የምትጀምረው ነቱ ወደ ፍሬቶቹ ከሚያይበት ፊቱ ነው፣ ከጀርባው አይደለም። ያገኘኸውን በ2 አባዛ። 324 ካገኘህ ርዝመቱ 648 ሚ.ሜ. ነው፤ 314 ካገኘህ 628። ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ይህን ቁጥር ግድግዳ ላይ ጻፈው። ብሪጁ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚወስነው እሱ ነው፤ ብሪጁ ከሳተ ጊታሩ መቼም አይቃኝም።

የአንገቱን ተረከዝም (ገላው ውስጥ የሚገባውን ጫፍ) ለካ፦ ወርዱን፣ ርዝመቱን፣ ከነፍሬት ሰሌዳው ያለውን ውፍረት። ብዙ ጊዜ ወርዱ 56፣ ውፍረቱ 25 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። «የእሱ እንዲህ ነው» ብለህ ግን የኔን ቁጥር አትቅዳ፣ የራስህን ለካ።

2. በካርቶን ላይ በሙሉ መጠን ሳለው

የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን ዘርጋ። መጀመሪያ የምታሰምረው የጊታሩን ቅርጽ ሳይሆን መሐል ለመሐል የሚያልፈውን ቀጥ ያለ መስመር ነው። አንገቱ፣ ፒክአፑ፣ ብሪጁ፣ ሁሉም ከዚህ መስመር እኩል ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ቅርጹ ቢወላገድ ማንም አይልህም፤ እንዲያውም «ልዩ ነው» ይሉሃል። መስመሩ ከሳተ ግን ክሩ ከአንገቱ ዳር ይወርዳል።

አንገቱን መስመሩ ላይ አስተኛና ከ12ኛው ፍሬት 324 (ወይም የራስህን ግማሽ) ቆጥረህ ምልክት አድርግ። ብሪጁ እዚያ ነው። አሁን ቅርጹን ሳል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በል። አንደኛ፣ በቀጭኑ ክር በኩል እጅህ እስከ መጨረሻው ፍሬት እንዲደርስ ገባ ያለ ቦታ ተው። ሁለተኛ፣ የላይኛው ቀንድ፣ ማንገቻው የሚታሰርበት፣ ጫፉ ወደ 12ኛው ፍሬት ይጠጋ። ቀንዱ ካጠረ ቆመህ ስትጫወት ጭንቅላቱ ወደ መሬት ይደፋና ግራ እጅህ አንገቱን ሲሸከም ይውላል።

ካርቶኑን ቁረጠውና ጭንህ ላይ አስቀምጠው፣ አንገቱንም በፕላስተር ለጥፍበት። መስታወት ፊት ቁም። ያልተመቸህን ነገር አሁን በመቀስ ታስተካክለዋለህ፤ እንጨት ላይ በመቀስ አይሆንም።

3. እንጨቱን ምረጥ

ለምን ዋንዛ? በመጠኑ ቀላል ነው፣ ለመሮ አያስቸግርም፣ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይንቀሳቀስም። ከበሮና አልጋ ከእሱ የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወይራ ውብ ነው፣ ግን ከወይራ የተሠራ ገላ ትከሻህን ይገነጥለዋል፣ መሮህንም ያዶለዱመዋል። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ይጠማዘዛል። የመጀመሪያውን ገላዬን ከጥሬ ባሕር ዛፍ ነበር የሠራሁት፤ ሐምሌ ላይ ጨርሼ ተኩራራሁ፣ ታኅሣሥ ላይ ከብሪጁ እስከ ጃኩ ተሰነጠቀ።

ዋንዛ እንደ ልብ የሚቆረጥ ዛፍ አይደለም፣ አዲስ ግንድ አትፈልግ። አሮጌ በር፣ የተሰበረ አልጋ፣ የቁም ሣጥን ጎን ይሻላል፤ ለዓመታት ደርቆ ስለኖረ ከአዲሱ የበለጠ የታመነ ነው። ምስማር እንዳይኖርበት ማግኔት አዙርበት። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። የተደበቀ ምስማር የአናጺውን የመጋዝ ጥርስ ይበላና ሁለተኛ ደጃፉ አያደርስህም።

መድረቁን ከተጠራጠርክ ሱቅ ወስደህ አስመዝነው፣ ክብደቱን በእርሳስ ጻፍበት፣ ከሳምንት በኋላ ደግመህ አስመዝን። ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ውኃ አለበት ማለት ነው፤ ባለበት ሲቆም ደርቋል። በክረምት ይህ አይሠራም፤ ከኅዳር ወዲያ ያለውን ጊዜ ምረጥ።

4. ሁለቱን ንብርብር አዘጋጅ

ራውተር የሌለው ሰው የሚድነው እዚህ ላይ ነው። ገላው በጠቅላላ 44 ሚ.ሜ. ይወፍራል። አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድ ደግሞ 16 ሚ.ሜ. መጥለቅ አለበት። አንድ ወፍራም እንጨት ይዘህ 16 ሚ.ሜ. የጠለቀ፣ ወለሉ ፍጹም ጠፍጣፋ የሆነ ጉድጓድ በመሮ ልቆፍር ብትል ታለቅሳለህ። ስለዚህ የላይኛውን ንብርብር ልክ 16 ሚ.ሜ. አስልገህ፣ የአንገቱን ቦታ እንደ መስኮት ከላይ እስከ ታች ቆርጠህ ታወጣለህ። ከስር 28 ሚ.ሜ. የሆነው ሲጣበቅ ወለሉ በራሱ ጠፍጣፋ፣ ጥልቀቱ በራሱ ልክ ይሆናል።

ማስላገጃ ማሽን ያለው አናጺ ቤት ወስደህ ሁለቱንም በልኩ አስልግ። የአንገትህ ተረከዝ ከ25 ሚ.ሜ. ከወፈረ ወይም ከቀጠነ የላይኛውን ንብርብር ውፍረት በዚያው መጠን ጨምር ወይም ቀንስ። ዋናው ነገር አንገቱ ገብቶ ሲቀመጥ የፍሬት ሰሌዳው ፊት ከገላው 9 ሚ.ሜ. ያህል ከፍ እንዲል ነው። ከዚያ ዝቅ ካለ ክሩን በብሪጁ ማውረድ ያቅትሃል፣ ከፍ ካለ ደግሞ የብሪጁ ቪቴዎች አይደርሱም።

አሁን ካርቶኑን የላይኛው ንብርብር ላይ አስቀምጠህ መሐል መስመሩን ወደ እንጨቱ አሻግር። ሳታጣብቅ በፊት ቆርጠህ የምታወጣቸው ሦስት መስኮቶች ናቸው።

የአንገቱ፦ ከመስመሩ ወደ ውስጥ 1 ሚ.ሜ. ትተህ ቁረጥ፣ የቀረውን በሞረድ እየሞረድክ፣ አንገቱን እየሞከርክ አስፋው። ገብቶ ገላውን በአንገቱ ይዘህ ስታነሳው ሳይወድቅ የሚይዝ ከሆነ ልክ ነው። ሰፍቶ አንገቱ የሚወዛወዝ ከሆነ ክሩ ሲወጠር ወደ አንድ ጎን ይሄዳል።

የፒክአፑ፦ ፒክአፑን ለክተህ በየጎኑ 1 ሚ.ሜ. ጨምር። ወደ ብሪጁ ሲጠጋ ድምፁ ይሰላል፣ ወደ አንገቱ ሲጠጋ ይወፍራል። አንድ ብቻ ከሆነ ያለህ ወደ ብሪጁ አቅርበው።

የፖቱና የጃኩ፦ እጅህ በቀላሉ በሚደርስበት በኩል 10 በ6 ሳ.ሜ. የሚሆን። የታችኛውንም ንብርብር እዚሁ ቦታ ላይ በመሮ ሌላ 12 ሚ.ሜ. አጥልቀው፤ ፖት ከነሽቦው 16 ሚ.ሜ. ውስጥ ይጨናነቃል።

በመጨረሻ የታችኛው ንብርብር ፊት ላይ፣ ከፒክአፑ ወደ ፖቱ፣ ከብሪጁ ወደ ፖቱ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው የሽቦ መንገድ በመሮ አውጣ። ይህን ከተጣበቀ በኋላ ካስታወስከው በረዥም ፑንታ በጭፍን መብሳት ሊኖርብህ ነው።

5. አጣብቅ

ኮላውን በሁለቱም ፊት ስስ አድርገህ ቀባ፤ በመስኮቶቹ ዳር ግን ትንሽ ብቻ። ተርፎ ወደ አንገቱ ጉድጓድ ከወረደና ከደረቀ ያንን የተመካህበትን ጠፍጣፋ ወለል ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ኮላ እርጥብ ሳለ ያንሸራትታል። ቆይተህ በምትቆርጠው ትርፍ ቦታ ላይ ሁለት ቀጭን ምስማር ምታበት፣ አይንቀሳቀስም።

ማጣበቂያ ሞርሳ ካለህ በየ10 ሳ.ሜ. እሰር። ከሌለህ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስተኝተህ፣ ከላይ ወፍራም ሳንቃ ጣል አድርገህ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ጫንበት። ቀልድ አይደለም። 100 ኪሎ እኩል የሚጫን ነገር ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? እናቴ «ጤፉ ምን ሆኖ መሬት ወረደ?» ብላ ነበር። 24 ሰዓት አትንካው።

6. ቅርጹን አውጣ

ከመስመሩ ውጭ 2 ሚ.ሜ. ትተህ ቁረጥ፤ የኤሌክትሪክ መጋዝ በወፍራም እንጨት ላይ ጥርሱ ይታጠፍና የታችኛውን ፊት ወደ ውስጥ ሊበላ ይችላል። የቀረውን በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ከ80 ወደ 240 እየወጣህ አለስልስ። ቁጥር አትዝለል፤ 80 የተወውን ጭረት 240 አያጠፋውም፣ ቀለም ሲቀባ ብቻ ነው የሚታይህ። ጠርዞቹን አክብብ፣ በተለይ ቀኝ ክንድህ የሚያርፍበትን። የጃኩን ቀዳዳ ከጎን ወደ ፖቱ ክፍል የምትበሳውም አሁን ነው።

የእንጨት ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። የአፍ መከላከያ አድርግ፣ ውጭ ሥራ፣ ሕፃናትን አርቅ።

7. አንገቱንና ብሪጁን አቀማምጥ

ጊዜህን እዚህ ላይ አውለው። ከላይ የተበላሸ ነገር ሁሉ በሞረድም በኮላም ይታረማል፤ እዚህ የተበሳ ቀዳዳ ግን አይታረምም። ቡና ጠጥተህ፣ መብራት ሳለ፣ ሳትቸኩል ሥራው።

አንገቱን ጉድጓዱ ውስጥ አስገባ። ብሪጁን ምልክቱ ላይ አስቀምጥ፣ ገና አትብሳ። ብሪጁ ላይ ለእያንዳንዱ ክር ወደፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ ትንሽ መቀመጫ አለ። የቀጭኑን ክር መቀመጫ በቪቴው ወደ አንገቱ በኩል እስከ መጨረሻው ጫፍ አስጠጋው፣ 2 ሚ.ሜ. ያህል ብቻ ተው። ከነቱ እስከዚህ መቀመጫ ያለው ርቀት ልክ 648 (ወይም የራስህ ቁጥር) መሆን አለበት። የቀሩት ክሮች መቀመጫ ሲቃኝ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ወፍራሙማ ብዙ ሚሊሜትር ሊርቅ ይችላል። ክር ሲጫን ይወጠርና ድምፁ ትንሽ ይሰላል፤ ያንን ለማካካስ ነው የሚረዝመው። መቀመጫው ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ ከሌለው መቼም አታስተካክለውም።

አሁን የክር ብልሃት። ነጭ የስፌት ክር ሁለት ቁረጥ። አንዱን ከወፍራሙ ክር መቃኛ፣ ሌላውን ከቀጭኑ መቃኛ አስረህ በነቱ ላይ አሳልፈህ ብሪጁ ላይ ባሉት የዳር መቀመጫዎች ወጥረው። የመጨረሻው ፍሬት ላይ ጎንበስ ብለህ ተመልከት። ከስፌት ክሩ እስከ ሰሌዳው ዳር ያለው ርቀት ግራና ቀኝ እኩል ነው? 3 እና 3 ሚ.ሜ. ከሆነ ደስ ይበልህ። 4 እና 2 ከሆነ ብሪጁን በትንሹ ገፋ አድርገው። ማስመሪያ ሲዋሽህ የስፌት ክር አይዋሽህም፤ ክሩ ነገ የሚሄድበትን መንገድ ዛሬ ነው የሚያሳይህ።

ሲስማማ በምስማር ጫፍ የቪቴ ቦታዎችን ነጥብ፣ ከዚያ ከቪቴው በቀጠነ ፑንታ ብሳ። ከብሪጁ ስር ወደ ፖቱ ክፍል የሚወርድ ትንሽ ቀዳዳም አትርሳ፤ ደረጃ 9 ላይ የምታገኘው የመሬት ሽቦ በዚያ ያልፋል።

የአንገቱ 4 ቪቴዎች ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በገላው ውስጥ ያለው ቀዳዳ ቪቴው ሳይነክስ በነፃ የሚያልፍበት ሰፊ ይሁን፣ በአንገቱ ውስጥ ያለው ግን ጠባብ። በሁለቱም ከነከሰ ቪቴው ሁለቱን አራርቆ ይይዛቸዋል፣ ምንም ብታጠብቅ አይገናኙም። ርዝመቱንም ለካ፦ 28 ሚ.ሜ. ገላ፣ 2 ሚ.ሜ. የጀርባ ብረት፣ 15 ሚ.ሜ. አንገት ውስጥ፣ በጠቅላላ 45። ከዚያ ከረዘመ የፍሬት ሰሌዳውን ወግቶ ሊወጣ ይችላል። ፑንታው ላይ 15 ሚ.ሜ. ቆጥረህ ፕላስተር ጠቅልልበት፣ እዚያ ሲደርስ ታቆማለህ። ቪቴውን ከመንዳትህ በፊት ጥርሱን ሰም ቀባ፤ ጎጃም ተቀምጠህ ሰም አጣሁ አትለኝም። ያለ ሰም ደረቅ እንጨት ውስጥ የቪቴው አንገት ይቀነጠሳል።

ሁለት አሮጌ ክር ወጥረህ ሞክር። ደህና ከሆነ ሁሉንም ፈታተህ ወደ ቀለም ሂድ። ቀለም ከተቀባ በኋላ መብሳትና መሞረድ ልፋትህን በዜሮ ያባዛዋል።

8. ቀለም

አናጺዎች የሚጠቀሙበት ሲለርና ቨርኒሽ ይበቃል። ሲለር ቀባ፣ ሲደርቅ በ240 አለስልስ፣ ድገም፣ ከዚያ 3 ወይም 4 ስስ ንብርብር ቨርኒሽ። የአንገቱን ጉድጓድ ወለል በፕላስተር ሸፍን፤ ቨርኒሽ እዚያ ከገባ አንገቱ አይገባልህም። በክረምት፣ ጣና ዳር እንዳለን ሰዎች ደግሞ በተለይ፣ በቲነር የሚቀጠን ቨርኒሽ እርጥበት ይስብና እንደ ወተት ይነጣል። ዝናብ ባለበት ቀን አትቀባ።

⚠ ቲነር ባለበት ቤት ቡና አይፈላም። የከሰል ማንደጃ፣ ዕጣን፣ ሲጋራ፣ ሁሉም ይራቅ። የቲነር ትነት ከእሳቱ ራቅ ብሎም ይቀጣጠላል። ከቤት ውጭ ቀባ።

የተልባ ዘይትም ይሆናል፤ ቀስ ብሎ፣ በሳምንታት ይደርቃል። የቀባህበትን ጨርቅ ግን ጨብጠህ ጥግ አትወርውር፤ ሲደርቅ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊነድ ይችላል። ዘርግተህ አድርቅ ወይም ውኃ ውስጥ ንከር። የምግብ ዘይት አይሞከርም፣ አይደርቅም።

9. ኤሌክትሪኩ

ለመጀመሪያ አንድ ፒክአፕ፣ አንድ የድምፅ ፖት፣ አንድ ጃክ። ፖቱን ከጀርባው እየው፣ ሦስቱ እግሮች ወደ ታች ይሁኑ።

የግራው እግር ከፒክአፑ የሚመጣውን ዋና ሽቦ ይቀበላል። የመሐለኛው ወደ ጃኩ ጫፍ መነኪያ (የገመዱን ጫፍ ወደሚነካው ምላስ) ይሄዳል። የቀኙን እግር ከፖቱ ጀርባ ብረት ጋር አጣብቅ። ከዚያ የፒክአፑ ሁለተኛ ሽቦ፣ የጃኩ ሁለተኛ መነኪያ እና ከብሪጁ ስር የመጣው ሽቦ፣ ሦስቱም እዚሁ ጀርባ ላይ ይሰበሰባሉ። የመሬት ሽቦ የምንለው ይህ ነው። የብሪጁ ሽቦ ከተረሳ ጊታሩ ያንዛርራል፣ ክሩን ስትነካውም ዝም አይልም።

ፖቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሠራ (ወደ ቀኝ ስታዞረው ድምፅ ከቀነሰ) የዳርና የዳር እግሮቹን ሽቦዎች አቀያይር፤ ሌላ ችግር የለውም።

ሊድ አልይዝ ካለህ የፖቱን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ መጀመሪያ ብረቱን አሙቅ፣ ከዚያ ሊዱን ጨምር። የፒክአፑን ሽቦ ግን ከ3 ሰከንድ በላይ አታሙቅ። አንዱን እንዲህ አቃጥዬ ሁለት ወር ሌላ እስኪመጣልኝ ጠብቄያለሁ።

ክፍሉን ከውስጥ በአሉሚኒየም ፎይል አልብሰው፤ ከግድግዳው መብራት የሚመጣውን የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ይቀንሳል። ፎይል ሊድ አይዝም፣ ስለዚህ የመሬት ሽቦውን በትንሽ ቪቴ እሰረው። ባዶ የዋና ሽቦ ፎይሉን እንዳይነካ ተጠንቀቅ፤ ከነካ ድምፅ ጨርሶ አይወጣም።

ፖቱንና ፒክአፑን የሚሸከመው ከ3 ሚ.ሜ. ፕላስቲክ የቆረጥከው መሸፈኛ ነው። የፖቱ አንገት አጭር ስለሆነ 16 ሚ.ሜ. እንጨት አልፎ ብቅ አይልም።

ከመዝጋትህ በፊት በቴስተር ሞክር። ገመዱን ጃኩ ላይ ሰክተህ፣ ፖቱን ሙሉ ከፍተህ በሌላው ጫፍ ስትለካ ከ6 እስከ 9 ኪሎ ኦም አካባቢ ካሳየህ አብዛኞቹ ፒክአፖች እዚያ ናቸው። ዜሮ ከሆነ የሆነ ቦታ ተነካክቷል። ምንም ካላሳየ ተቆርጧል።

⚠ ጊታሩ ራሱ ከ220 ቮልት ጋር አይገናኝም። አምፕሊፋየሩ ግን ይገናኛል፣ የጊታርህ ክር ደግሞ በመሬት ሽቦው በኩል ከአምፑ ሳጥን ጋር አንድ ነው። አምፑ ከተበላሸና ሶኬትህ የመሬት መስመር ከሌለው ክሩ ሊይዝህ ይችላል። የአምፑን መሰኪያ ሦስተኛ እግር ቆርጦ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ላይ መሰካት በየቤቱ የማየው ነገር ነው። አታድርገው። ማይክ ስትይዝም መጀመሪያ በመብራት ቴስተር ነካ አድርገህ ሞክር።

10. ክርና ማስተካከል

ክሮቹን ከወፍራሙ ጀምረህ በኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ቃኝ፤ የስልክ መቃኛ ይበቃል። አንድ ሌሊት ተወው፣ አንገቱ ውጥረቱን ይለምዳል። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል፤ አንዱ ሌላውን ስለሚነካ ካዟዟርከው ትዞራለህ።

መጀመሪያ የአንገቱ ጉብጠት። ወፍራሙን ክር 1ኛውና የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነህ 7ኛው ላይ ያለውን ክፍተት እይ። ከ0.2 እስከ 0.3 ሚ.ሜ.፣ የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ይሁን። ከሰፋ ትረስ ሮዱን ወደ ቀኝ፣ ከጠበበ ወደ ግራ፣ በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ። ከጠነከረብህ አቁም፣ ከተሰበረ አንገቱ አለቀለት።

ቀጥሎ የክሩ ከፍታ። 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ እስከ ክሩ በቀጭኑ በኩል 1.6፣ በወፍራሙ 2 ሚ.ሜ.።

በመጨረሻ ብሪጁ። እያንዳንዱን ክር ባዶውን ቃኝ፣ ከዚያ 12ኛው ላይ ተጭነህ ምታ። የስልክ መቃኛው ድምፁ ከፍ ማለቱን ካሳየ መቀመጫውን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ማለቱን ካሳየ ወደፊት። ይህን ካልሠራህ ባቲም አምባሰልም ብትጫወት ከታች ልክ ሆኖ ከላይ ይሄድብሃል፣ ክራር ካለው ሰው ጋር ስትቀመጥ ደግሞ ወዲያው ትጋለጣለህ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ካርቶኑን ገልብጦ መሳል። ቆርጠው ከጨረሱ በኋላ የግራኝ ጊታር ሆኖ ያገኙታል። የላይኛው ንብርብር ላይ «ፊት» ብለህ በትልቁ ጻፍ።

የብሪጁን ርቀት ከአንገቱ ጫፍ መለካት። የሚለካው ከነቱ ነው፣ ወይም ግማሹ ከ12ኛው ፍሬት፤ ከአንገቱ ጫፍ ግን መቼም አይለካም።

ጊታሩን ቀጥታ ወደ ቤት ስፒከር ማይክ መግቢያ ሰክቶ «ድምፁ ታፈነ» ማለት። ጊታሩ ደህና ነው፤ መግቢያው ለጊታር ፒክአፕ አልተሠራም። በጊታር ፔዳል ወይም በትንሽ የጊታር አምፕ በኩል አሳልፈው።

ትር ትር የሚል ድምፅ ሲሰሙ ወዲያው ፍሬት መሞረድ። መጀመሪያ ጉብጠቱን እይ። ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ በተለይ ወቅት ሲቀየር። በሚያዝያ ደረቅ አየር ያስተካከልከው አንገት ሐምሌ ላይ ይለወጣል፣ መስከረም ካለፈ በኋላም እንደገና። እንጅባራ ያለ ወዳጄ በክረምት ሁለት ጊዜ ይደውልልኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሱ የትረስ ሮድ ሩብ ዙር ነው።